በስኳር ዕቃ ውስጥ ያለው ሙሽራ

ጥድፊያ የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናቷ ሆስፒታል እስክትደርስ አልጠበቀችም፤ ታክሲ ውስጥ ተወለደች። ከዚያ ወዲህም ለምንም ነገር ጠብቃ አታውቅም። ሻይ ሳይበርድላት ትጠጣለች፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ትመልሳለች፤ አሳንሰር ከመጠበቅ አምስተኛ ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። እንዲህ ያለች ልጅ ከሥራ ሁሉ መርጣ ሸረሪት ማጥናቷ ለቤተሰቡ እንቆቅልሽ ነበር። ሸረሪት ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሙያ የላትምና።

የምትሠራበት ክፍል የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ብርሃን ናሙናዎቹን እንዳያደበዝዝ ተብሎ መስኮቱ በነጭ ቀለም ተለቅልቋል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ አልኮል የተሞሉ ብልቃጦች፣ በየብልቃጡ ውስጥ እግሯን የሰበሰበች ሸረሪት። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሳ የፕሮፌሰሩ ወንበር በሩን ይነካል። መውጣት የፈለገ ሰው እሳቸውን ማስነሳት አለበት፤ እሳቸው ደግሞ በተነሱ ቁጥር ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ባመማቸው ቁጥር ይናገራሉ። ስለዚህ ጥድፊያ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ነገሩን አመዛዝና ነበር የምትነሳው። ተማሪዎች ፕሮፌሰሩን በሌሉበት «የጠርሙስ ቡሽ» ይሏቸዋል።

ፕሮፌሰሩ አንድ ሕግ አላቸው። አዲስ የሸረሪት ዝርያ ለዓለም የሚነገረው ሴቷም ወንዷም ተገኝተው፣ ጎን ለጎን ተስለው፣ ጎን ለጎን ተገልጸው ነው። ሌሎች ሳይንቲስቶች በአንዷ ብቻ ይጽፋሉ፤ እሳቸው አይጽፉም። ከጠረጴዛቸው ሥር ያለው መሳቢያ ወንድ በሌላቸው ሴቶች ተሞልቷል። አንዳንዶቹ ጥድፊያ ሳትወለድ ጀምሮ እዚያው ናቸው።

«ባል የሌላት ከዚህ ክፍል አትወጣም» ይላሉ ፕሮፌሰሩ፤ በራሳቸው ቀልድ ይስቃሉ።

«ባል ሳታገባ ከዚህ ቤት አትወጣም» ይል ነበር ወንድሟ ደግሞ፤ እሱ አይስቅም። አባታቸው ካረፉ ወዲህ የመኪና መለዋወጫ ሱቁንም ቤቱንም የያዘው እሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች ተያይተው አያውቁም። ጥድፊያ ግን አንድ ቀን አብረው ተቀምጠው የተማከሩ ነበር የሚመስላት።

መውጫ ቀዳዳ የመጣላት ከሩቅ ነው። በሌላ አገር ያለ የበረሃ ጥናት ተቋም የሥራ ቦታ ሰጣት፤ ደመወዝም መኖሪያ ክፍልም አለው። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ያገኘችው አዲስ ዝርያ መግለጫ በወሩ መጨረሻ አርብ ለመጽሔት ይላክ፣ ፕሮፌሰሩም ይመስክሩላት። ወንድሟ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። ቤት ይሰጣሉ የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመ።

«መንግሥት ነው የሚሰጠው?»

«ተቋሙ ነው፣ ጋሼ።»

«በሩ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል።»

በማግስቱ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ገዝቶ መጣ። ስለ ባል ዳግመኛ አላነሳም። ሻንጣው ሳሎን መሃል ቆሞ ሰነበተ፤ እናቷ በዞረች ቁጥር ትደናቀፍበታለች፤ ባደናቀፋት ቁጥር ጥድፊያን በጎሪጥ ታያታለች።

ሸረሪቷን ከወራት በፊት ያገኘችው ጥድፊያ ራሷ ናት፤ በረሃ ውስጥ፣ ውሃ ካጣ ሰንበት ያለ ወንዝ ዳር፣ በሆዷ ተኝታ አሸዋውን እፍ ስትል። በመጀመሪያ ያየችው ክዳኑን ነው። ከአሸዋና ከድር የተሠራ ክብ ክዳን፣ ከሳንቲም የማይበልጥ፤ ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጠጠሮች ዙሪያውን እንደ ጥርስ ተሰክተዋል። እንዲህ አድርጎ ጠጠር ስለሚሰካ ሸረሪት ማንም ጽፎ አያውቅም። ከክዳኑ ሥር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሴቷ። ይህች ሴት ልጅ ሆና በቆፈረችው ጉድጓድ ትሞታለች፤ ባደገች ቁጥር ታሰፋዋለች እንጂ አትለቀውም። ቢርባት እንኳ ፊት እግሯን ብቻ አውጥታ፣ የኋላ እግሮቿን ከውስጥ ቸክላ ነው የምታድነው። ወንዱ ግን ሲጎለምስ ጉድጓዱን ጥሎ ይወጣል፤ አይመለስም።

ከሴቷ ጉድጓድ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሌላ ትንሽ ክዳን ነበር፤ እሱም ጠርዙ ጠጠር ተሰክቶበታል። ውስጡ ያልጎለመሰ ሸረሪት። ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ አጫጭር እጆቹ ጫፋቸው አበጥ ብሏል፤ ወንድ ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቆዳውን ጥሎ ይጎለምሳል። ያልጎለመሰ ሸረሪት ግን ለመግለጫ አይሆንም። የአንዱ ዝርያ ወንድ ከሌላው የሚለየው በእነዚያ እጆች ጫፍ ቅርጽ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጨረሻው ቆዳ በኋላ ነው የሚታየው።

ስለዚህ ከነሕይወቱ ይዛው መጣች። ምድር ቤቱ ለበረሃ ፍጥረት ቀዝቃዛ ስለሆነ ቤት ወሰደችው። ጥልቀት ያለው ዕቃ ሲቸግራት የእናቷን የስኳር ዕቃ አነሳች፤ ትልቅ፣ ወፍራም መስታወት፣ አፈ ሰፊ። አሸዋ ሞላችው፤ ከኩሽናው ግድግዳ ጋር በሚዋሰነው ጥግ፣ አልጋዋ ሥር አኖረችው። በሳምንቱ ሸረሪቱ አዲስ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ክዳን ሠራ፤ ከአሸዋው ውስጥ ጠጠር እየለቀመ ጠርዙ ላይ ሰካ። ከዚያ ክዳኑን ከውስጥ በድር ሰፍቶ ዘጋውና ጠፋ።

«ሙሽራው ዛሬም አልወጣም?» ትላለች እናቷ በየጠዋቱ፣ ስኳር ከፌስታል ውስጥ በማንኪያ እየጨለፈች።

«አልወጣም።»

«እኔ ስኳሬን በፌስታል አድርጌ ጉንዳን ስጠብቅ፣ እሱ በኔ ዕቃ ተኝቶ ክብር ይጠብቃል።»

«ቆዳውን ሊጥል ነው እማዬ። መነካት የለበትም።»

«አንቺም እንዲህ አርፈሽ ተቀምጠሽ ብታውቂ።»

ወር አለፈ። ሌላ ወር ተተካ። ክዳኑ አልተነሳም። ጥድፊያ በየምሽቱ ተንበርክካ በባትሪ ታያለች፤ መስታወቱን በጥፍሯ ልታንኳኳ ትልና እጇን ትሰበስባለች። በመጨረሻ ሞቷል ብላ ቆረጠች። ቤት ሲዘጋበት የሚሞት ሸረሪት ብዙ ነው።

አርቡ ሲቃረብ ተስፋዋን ወደ ብልቃጦቹ አዞረች። እዚያው ወንዝ ዳር አሸዋ ውስጥ ጣሳ ቀብራ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ። ከጥንዚዛና ከጊንጥ መካከል አንድ የጎለመሰ ወንድ ሸረሪት ተገኘ። ቀለሙ የደረቀ አሸዋ፣ እንደ ሴቷ። ልኩ ከሴቷ የሚመጣጠን። ስምንት ዓይኖቹ አንዲት ጉብታ ላይ ተሰብስበዋል፣ እንደ ሴቷ። የፊት እግሩ ላይ ሁለት ወፍራም እሾህ አለው፤ ወንድ ሴቷን ሲቀርብ መንጋጋዋን ደግፎ የሚይዝበት ነው። ጉድጓዱን ማንም አላየም፤ ጣሳ ውስጥ የወደቀ ሸረሪት ቤቱን ይዞ አይመጣም። ያው ቦታ፣ ያው ቀለም፣ ያው ልክ። ጥድፊያ ባልና ሚስት አደረገቻቸው።

ፕሮፌሰሩ ሁለቱን በማይክሮስኮፕ ቆይተው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ይመሳሰላሉ» አሉ። «ይበል። ጻፊው።»

ጻፈች። ሳለች። ወገቧ እስኪቆረጥ ተቀምጣ የእያንዳንዱን እግር ርዝመት ለካች። ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰሩ ስማቸው ከስሟ ቀጥሎ መግባቱን አረጋግጠው ፈረሙ። መላክ ብቻ ቀረ።

በዚያው ቀን ወደ ቤት ስትገባ እናቷ ሳሎን ውስጥ ከሻንጣው ጋር ስትጣላ ደረሰች።

«ጨርሻለሁ አላልሽም? በይ እንግዲህ ዕቃዬን መልሺ። የሞተ ሬሳ ይዘሽብኝ ከርመሻል።»

ጥድፊያ ቀልሏት ነበርና እያፏጨች አልጋዋ ሥር ገባች። ዕቃውን ጓሮ አወጣች፤ ክዳኑን በወረንጦ ነቀለች፤ አሸዋውን በማንኪያ ትጭር ጀመር። ከታች የደረቀ ነገር ወጣ፤ ባዶ ቆዳ፣ ከነእግሮቹ ሙሉ። «ይኸው» አለች። ሁለተኛ ስትጭር ማንኪያዋ ቆመ።

ከቆዳው አጠገብ ወንዱ ነበር። ነጭ። እንደ ተላጠ ለውዝ ነጭና ለስላሳ፤ እግሮቹ በራሳቸው ክብደት የተጣጠፉ። ቆዳውን ገና መጣሉ ነው። አንድ እግሩን ቀስ ብሎ አነሳና መልሶ አኖረው።

ጥድፊያ እንደተንበረከከች አጉሊ መነጽር ከኪሷ አወጣች። በእጆቹ ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ ቀጭን ነገር አየች፤ የጣሳው ወንድ ያለው የተጣመመ ነበር። የፊት እግሩን አየች። እሾህ የለም። ሌላኛውን አየች። እሾህ የለም።

ይህን ወንድ ከሴቷ ጎን ቆፍራ ያወጣችው እሷ ናት። ጠጠር ሲሰካ በዓይኗ አይታዋለች። የዚያች ሴት ወገን ይሄ ነው፤ የጣሳው ወንድ ባዳ ነው። መግለጫው ውስጥ ያጋባቻቸው ሁለት የማይተዋወቁ ሸረሪቶችን ነው።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ከበሩ ላይ።

«ሙሽራው ወጣ።»

«ታዲያ እሰይ አይባልም?»

ጥድፊያ አሸዋውን በመዳፏ መልሳ በዙሪያው እያፈሰሰች፣ በልጅነቷ እንኳ ባላወቀችው ዝግታ ሸፈነችውና ዕቃውን ወደ አልጋዋ ሥር መለሰች።

ማክሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩን ከወንበራቸው አስነስታ ገባች፤ የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው ሲያማርሩ ከቆመችበት ተናገረች። እስኪቀመጡ እንኳ አልጠበቀችም። በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ ዘረጋችላቸው።

ፎቶውን አቀረቡ፤ አራቁ።

«ለስላሳ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ትናንት ነው የጣለው።»

«ለስላሳ ሸረሪት ላይ እሾህ ላይታይ ይችላል። ሲጠነክር ይወጣል።»

«አይወጣም ፕሮፌሰር። ከአዲሱ ቆዳ ጋር ነው የሚወጣው፤ በኋላ አይበቅልም።»

«እርግጠኛ ነሽ? በዚህ ዝርያ ላይ? እስካሁን ማንም አይቶት በማያውቀው?»

እርግጠኛ ነበረች፤ ነገር ግን ማረጋገጫ በእጇ የለም። ለማረጋገጥ ሸረሪቱ መጠንከር አለበት፤ መጠንከር ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አሁን ገድላ አልኮል ውስጥ ብትከተው ለስላሳው እጁ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል፤ ቅርጹ ይጠፋል፤ ምንም አይመሰክርም።

«እንግዲያው ወንዱን እናውጣውና በሴቷ ብቻ እንላከው» አለች። «ሴቷ ምንም ስህተት የለባትም። ክዳኗ ብቻውን ይበቃል።»

ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስጠጉ። ሆን ብለው አልነበረም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጡት።

«ሕጌን ታውቂያለሽ። በሴቷ ብቻ ከላክሽ ስሜን አውጪ። ስሜ ከወጣ ደግሞ ስለማላምንበት ሥራ ልመሰክር አልችልም። ይሄ ቂም አይደለም፣ ልጄ። የፈረምኩትን ላኪና ሂጂ። ከተሳሳትን አንዱ መጥቶ ያርመናል። እኔ ሦስት ዝርያ ታርሞብኛል፤ ይኸው በልቼ እተኛለሁ።»

«ሲታረሙ ስንት ዓመት ፈጀ?»

«እንግዲህ… የመጀመሪያው ሃያ ምናምን።»

«ሃያ ምናምን ዓመት ሰው ሁሉ በተሳሳተ ሥዕል ሲሠራ ኖረ?»

«ሰው ሁሉ አትበይ» አሉ ፕሮፌሰሩ እየሳቁ። «ሸረሪቱን የምናውቀው አራት ሰዎች ነን። አንዳችን ሞተናል።»

ጥድፊያም ሳታስበው ሳቀች። የሚያናድደው ይሄ ነበር፤ ሰውየው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር።

የሳምንቱ ቀናት ተራ በተራ ክዳናቸውን ዘጉባት። ፋይሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ «ላክ» የሚለው ሰማያዊ አራት ማዕዘን ላይ ቀስቱን ታሳርፋለች፤ ታነሳለች። ብትልከው ትወጣለች። ነገር ግን በገዛ ስሟ፣ ውሸት መሆኑን እያወቀች፣ ያንን የጣሳ ባዳ ለዘላለም የዚያች ሴት ባል አድርጋ። ለስላሳውን ብትገድል ማስረጃውንም ቦታውንም ታጣለች። ብትጠብቅ ቦታው ያልፋታል። በየትኛውም በኩል ብትዞር ፊቷ ላይ መስታወት ነው። ማታ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ ከሥሯ በአሸዋ ውስጥ ያለው ፍጥረት ቀስ በቀስ እየጠነከረ መሆኑን እያሰበች እንቅልፍ እምቢ ይላታል። እሱ እንዲፈጥን የምታደርገው ምንም ነገር የለም። በሕይወቷ የማታፈጥነው ነገር ሲገጥማት ይህ የመጀመሪያው ነው።

አርብ ጠዋት ወንድሟ ሻንጣውን ከሳሎን አንስቶ በሩ አጠገብ አቆመው።

«ዛሬ ነው አይደል የምትልኪው? እኔ ሱቅ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ሲሄድ ደውይልኝ።»

«እሺ።»

ምድር ቤት ወረደች። ፕሮፌሰሩ ተነሱላት። ተቀመጠች። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ከፈተች፤ ሴቷ፣ የሴቷ ክዳን፣ የሴቷ ዓይኖች። ከዚያ የጣሳው ወንድ እግር፣ ከነሁለት እሾሁ። በጣም ጥሩ አድርጋ ነበር የሳለችው። ጥላው እንኳ በትክክል ወድቋል። ይህ ነገር አበሳጫት፤ ሰው ውሸትን ይህን ያህል አሳምሮ እንዴት ይስላል?

ፋይሉን ዘጋችው። ለተቋሙ አጭር ደብዳቤ ጻፈች፦ ወንዱ የሌላ ዝርያ ሊሆን እንደሚችል ደርሼበታለሁ፣ እስካረጋግጥ ሁለት ሳምንት ስጡኝ። መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። የጻፈችው ሴት ትሁት ነበረች፤ ጥንቃቄዋን አደነቀች፤ ቀነ ገደቡ ግን የእሷ እንዳልሆነ፣ ቦታው ለተከታዩ ሰው እንደሚሰጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንድትሞክር ነገረቻት።

ወንድሟ እስክትደውል አልጠበቀም።

«ሄደ?»

«አልሄደም። እኔም አልሄድም።»

ስልኩ ውስጥ የሱቁ ጫጫታ ተሰማት፤ አንድ ሰው የፍሬን ሸራ እየጠየቀ ነበር።

«ማን ከለከለሽ?»

«ማንም።»

«ማንም ካልከለከለሽማ…» አለ። «ሸረሪት ነው?»

«ሸረሪት ነው።»

«ሸረሪት» አለ ወንድሟ ለፍሬን ሸራ ፈላጊው ይሁን ለሷ ሳይለይ፤ ዘጋው።

በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ ስለ ነገሩ አንድም ሰው አላነሳም። ጥድፊያም ትክክል ሠራሁ የሚል ኩራት አልተሰማትም። ምድጃውን አጥፍቼ ይሆን ብላ ከመንገድ ተመልሳ አውቶቡስ ያመለጣት ሰው ዓይነት ስሜት ነው የነበራት፤ ምድጃው እንኳ ይንደድ አይንደድ ገና አላወቀችም።

ሙሽራው በራሱ ጊዜ ወጣ። አንድ ቀን ጠዋት እናቷ የጥድፊያን ክፍል ስትጠርግ ጠራቻት፤ ድምጿ የተለመደው ፌዝ አልነበረውም። ወንዱ መስታወቱን ተደግፎ ቆሟል፤ ጠቁሯል፤ ጠንክሯል። ዙሪያውን ይሄዳል፤ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ሁለት እግሮቹን ያነሳል፤ ይዳስሳል፤ ይዞራል። የፊት እግሮቹ ከላይ እስከ ታች ልሙጥ ናቸው። አንድም እሾህ የለም።

«ሴት ፍለጋ ነው?» አለች እናቷ።

«አዎ።»

«አታገኚለትም?»

«ሴቷ አልኮል ውስጥ ናት፣ እማዬ።»

እናቷ ከንፈሯን መጠጠች። «ልታወጪው ነው እንግዲህ።»

«ልገድለው ነው።»

እዚያው፣ ቁርስ ሳትበላ፣ በወረንጦ አነሳችው። እግሮቹ በአየር ላይ ሲሄዱ ቆዩ፤ ብልቃጡ ውስጥም ጥቂት ሄዱ፤ ከዚያ ተሰበሰቡ። ዕቃውን በፈላ ውሃ አጥባ ለእናቷ መለሰችላት። እናቷ በሁለት ጣቷ ተቀብላ መደርደሪያው ላይ ደፋችው። ስኳሩ ፌስታል ውስጥ ቀረ።

ሥዕሉን ስትጨርስ ፕሮፌሰሩ ረጅም ጊዜ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየችው ደስታ ነበር፤ የልጅ ደስታ።

«ልክ ነበርሽ። ሁለት ዝርያ ነው ያለን ማለት ነው። ሁለት! የጣሳው ወንድም አዲስ ነው።» ብልቃጡን አንስተው ወደ መሳቢያው ጎንበስ አሉ። «በአንድ ላይ እናወጣቸዋለን። አሁን የዚህኛውን ሴት ፈልጊለት። ሚስት የሌለው ደግሞ…»

«ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች ጥድፊያ።

«ገባሽ።»

«እሱ ይጠብቅ። የኔዎቹ ዛሬ ይሄዳሉ።»

«አልሰማሽኝም፣ በአንድ ላይ ነው ያልኩት።»

«ሰምቻለሁ። ስምዎ ይኑር ካሉ ይኖራል፤ ይውጣ ካሉ አሁኑኑ አወጣዋለሁ። የሚመሰክሩልኝ ቦታ እንደሆን አልፏል፤ ከእንግዲህ የሚከለክሉኝ ነገር የለም፣ ፕሮፌሰር።»

በንዴት አልተናገረችውም። አንድ ዕቃ መደርደሪያው ላይ አለመኖሩን እንደምትነግራቸው ነበር የተናገረችው። ፕሮፌሰሩ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኗ አዞሩ፤ ዓይናቸውን አጥብበው ሥዕሉን አዩ።

«የመለኪያው መስመር የታለ?»

አየች። እውነትም ረስታዋለች። መለኪያ የሌለው ሥዕል ሸረሪቱ የዝንብ ያክል ይሁን የእጅ መዳፍ ያክል አይናገርም።

መስመሩን አስገባች። ፕሮፌሰሩ ስሜን አውጪ አላሉም፤ ተይው አላሉም። ላከችው። ከዚያ ለመውጣት ስትነሳ፣ ሳትጠይቃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱላት።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷን ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ ስትጎትት አገኘቻት። የስኳር ዕቃው ተቀምጦበት የነበረው ጥግ፣ አልጋው ሥር፣ ሻንጣው ልክ ይገባ ነበር።

«ለከርሞ ትሞክሪያለሽ አሉ» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«እሞክራለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ወንድምሽ መቼም…»

«ሻንጣውን የገዛው እሱ አይደል?»

እናቷ ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አድርጋ እስከ ግድግዳው አስጠጋችው። ጥቂት አሸዋ ወለሉ ላይ ቀርቶ ነበርና ከጎማው ሥር ተንኮሻኮሸ።